በእጅ የለጠፍኩትን ኮላዥ በኮምፒውተር ስለውጠው

ኮላዥ (ቁርጥራጭ ወረቀትና ጨርቅ ተለጥፎ የሚሠራ ሥዕል) ስሠራ ከሁሉም በላይ የምወደው የተቀደደ ጠርዝ ነው። ወረቀት በመቀስ ሲቆረጥ ጠርዙ ልሙጥ ይሆናል። በእጅ ሲቀደድ ግን ነጩ ውስጡ ብቅ ይላል፣ ክሮቹም ይታያሉ። ስለዚህ ሥራዬን ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፦ ቀለሙም ስሜቱም ይለወጥ፣ ያ ጠርዝ ግን እንዳይጠፋ።

ኮላዡ ከመጽሔት ገጾች፣ ከቡናማ መጠቅለያ ወረቀትና ከአንዲት ቀይ የጨርቅ ቁራጭ የተሠራ ነው። መሃሉ ላይ የሴት ፊት አለ።

መጀመሪያ በስካነር በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አነሳሁት። ስካነር ዝርዝሩን ጥርት አድርጎ ይይዛል፤ የተደራረበው ወረቀት የሚጥለውን ጥላ ግን ያሳሳዋል። ጥላው ከሌለ ደግሞ ኮላዡ ጠፍጣፋ ሕትመት ይመስላል። ስለዚህ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበት ፎቶም አነሳሁት። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጌ ከስካኑ በላይ በሌየር (በሚደረብ ንጣፍ) አስቀመጥኩና ሞዱን፣ ማለትም ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ፣ ሶፍት ላይት አደረግኩት። ጥላው ተመለሰ። ሁለቱን በትክክል ማጋጠሙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ከሁሉም ደረጃ ይበልጥ የጠቀመኝ እሱ ነው።

የመጽሔት ፎቶ ቀረብ ብለው ካዩት የጥቃቅን ነጥቦች ጥርቅም ነው። ነጥቦቹ ከስካነሩ ፒክስሎች ጋር ሲጋጩ ሞገድ መሳይ መስመር ይፈጥራሉ፤ ሞይሬ የሚባለው ነው። መፍትሔው በከፍተኛ ዲፒአይ ማንሳት፣ ትንሽ ጋውሲያን ብለር (ማደብዘዣ) መጨመር፣ ከዚያ መጠኑን መቀነስ ነው። ብለሩን ግን በማስክ (ኤፌክቱ የት እንደሚያርፍ በሚወስን መሸፈኛ) የመጽሔቱ ቁርጥራጮች ላይ ብቻ ገደብኩት። ሁሉም ላይ ቢያርፍ የተቀደዱት ጠርዞች ይደበዝዙ ነበር።

ከዚያ ወደ ቀለሙ ገባሁ። ግራዲየንት ማፕ የምስሉን ጨለማና ብርሃን ብቻ አይቶ በመረጥከው ቀለም ይተካዋል። ለጨለማው ጥልቅ ሰማያዊ፣ ለብሩሁ ክሬም መረጥኩ። ከተለያየ ቦታ የመጡት ወረቀቶች ወዲያው አንድ ላይ የተወለዱ መሰሉ። ቀይዋ ጨርቅ ግን ከነሱ ጋር እንድትዋጥ አልፈለግኩም። እሷን በማስክ አስቀረኋት። አሁን ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሷ ነው።

ፊቱ ላይ የእጅ ጽሑፍ ለመጨመር መልቲፕላይን ተጠቀምኩ። ይህ ሞድ የሁለቱን ሌየሮች ዋጋ ያባዛል። ነጭ 1 ስለሆነ ከሥሩ ያለውን አይነካም፤ ጥቁር 0 ስለሆነ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ነጭ ወረቀት ላይ በቀለም የጻፍኩት ስካን ሲደረብ ወረቀቱ ጠፋ፣ ቀለሙ ብቻ ቆዳዋ ላይ ቀረ። ስክሪን የተባለው ሞድ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ለጥቁር ወረቀትና ለነጭ ጽሑፍ ይሆናል።

የዘይት ቀለምና የውሃ ቀለም አስመሳይ ፊልተሮችን ሞክሬ ተውኳቸው። ወረቀቱም ጨርቁም አንድ ዓይነት ሊጥ ይሆናል። እጅ የሠራውን ነገር ማሽን በሠራው የብሩሽ ምልክት መሸፈን ለኔ አይዋጥልኝም።

ለሚሞክር ሰው፦ ዋናውን ስካን ሳትነካ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጥ። ጀፔግ የሚባለው ፋይል በተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ ይቀንሳል። ኤፌክቱን ሁሉ በተለያየ ሌየር አድርግ፤ ነገ ሐሳብህን ብትቀይር ያን ብቻ ታነሳለህ። ለምስል ማስተካከያው ፕሮግራም ለፎቶሾፕ የሚከፍል ገንዘብ የሌለው ተመሳሳዩን ጂምፕን በነፃ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከወጣው 3.0 ስሪት ጀምሮ እሱም ፊልተሮችን ዋናውን ሳያበላሽ ይጭናል።

ማተም ካሰብክ ደግሞ ጥልቅ ሰማያዊ ስክሪን ላይ እንደሚያበራው ወረቀት ላይ አያበራም። በትንሽ ቁራጭ አትመህ እየው፣ ከዚያ በከርቭስ (በብርሃንና ጨለማ ማስተካከያው) ጨለማውን ትንሽ አንሳው። እኔ ያተምኩት በማያንጸባርቅ ወረቀት ነው። አሁን ሕትመቱ ላይ አዲስ ወረቀት እየቀደድኩ መለጠፍ ጀምሬያለሁ፤ ሲያልቅ እንደገና ስካነር ላይ ይወጣል።