የግራው ቅንድብ

ዛሬ ማታ ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ስለ ክብደት ልጽፍ ነበር። ጠዋት ሚዛኑ ላይ ስወጣ ያየሁት ቁጥር ቀኑን ሙሉ ሲያስኮርፈኝ ዋለ። የምወዳደርበት የቦክስ ምድብ ጣሪያው 66.68 ኪሎ ግራም ነው፤ እኔ 72 ሆኛለሁ፤ ለውድድሩ ደግሞ ሰባት ሳምንት ቀርቷል። አምስት ኪሎ በሰባት ሳምንት ማውረድ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከዚህ ባጠረ ጊዜም አውርጄ አውቃለሁ። ያስኮረፈኝ ሌላ ነው። የምጫወትበት ፊልም አዘጋጅ ትናንት ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ «እንዲሁ ቆይልኝ፣ እንዳትከሳብኝ» ብሎኛል። ቀረጻው እስኪያልቅ ገና አራት ሳምንት ይቀረዋል፤ ታሪኩ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚፈጸመው በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዓርብ ዕለት ፊቱ ሞልቶ የታየ ሰው እሑድ ጉንጩ ጎድጉዶ ሊታይ አይችልም። እንግዲህ የሚዛኑ ቁጥርና የአዘጋጁ ትእዛዝ ሆዴ ውስጥ ተቀምጠው ሲነታረኩ ነው ወደ ሜካፕ ክፍል የገባሁት።

ሜካፕ የምትሠራልኝ ልጅ እጇ ፈጣን፣ ወሬዋ ጥቂት ነው። በቀኝ ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ በስፖንጅ እየነካካች በዱቄት አጠፋችው። ይህ ጠባሳ የመጣበትን ሌሊት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰባት ስፌት፣ ከዚያም የ60 ቀን የሕክምና እገዳ፣ ከዚያም ስልኩ የማይጮህበት ያ ረጅም ክረምት። በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዳልነበረ ሆነ። ቀጥላም አንድ ቀን እንኳ ተሰንጥቆ በማያውቀው በግራው ቅንድቤ ላይ በሰምና በቀይ ቀለም አዲስ ቁስል ትሠራ ጀመር። «ለምን የራሴኑ አንጠቀምበትም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ታሪኩ ላይ የቆሰለው በግራው ነው፤ ካሜራውም የሚቆመው በግራህ በኩል ነው» አለች። ትንሽ አመንታ ደግሞ «ያንተኛው በካሜራ ሲታይ እውነት አይመስልም» ብላ ጨመረችበት።

ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ «አትንቀሳቀስ እንጂ» ብላ አገጬን ያዘችኝ።

የዛሬው ትዕይንት አንድ ቡጢ ብቻ ነበረው፤ ተመቺው እኔ ነኝ። በፊልም ቡጢ ፊትን አይነካም። ካሜራው ከመቺው ትከሻ ጀርባ ሲቆም ርቀትን አጥፍቶ ስለሚያሳይ፣ እጁ ከአገጬ አንድ ስንዝር ርቆ ቢያልፍም ተመልካቹ እንዳረፈ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ድምፁም በኋላ ይጨመርበታል። ስለዚህ ምቱን እውነት የሚያደርገው መቺው ሳይሆን ተመቺው ነው፤ አንገቱን የሚያዞርባት ቅጽበት፣ የዓይኑ አጨፋፈን፣ የጉልበቱ አከዳድ። የትግል ትዕይንቶቹን የሚያቀናብርልን ሰው በዚህ ሥራ ፀጉሩን ያሸበተ ነው። ፊልም በሰከንድ የሚያነሣው 24 ምስል በመሆኑ፣ እንደ ልማዴ የምሰነዝረው ቀጥተኛ የግራ ቡጢ በጥቂት ምስሎች ላይ ብቻ ብልጭ ብሎ እንደሚጠፋ የነገረኝ እሱ ነው። «ቀስ በል፣ ከሩቅ አምጣው፣ እንዲታይ አድርገህ ዙርበት» ይለኛል፤ አሰልጣኜ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በመጀመሪያው ሳምንት ያስጣሉኝን ክፉ ልማድ ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣ መልሶ ያሸክመኛል።

ዛሬ ያስቸገረው ግን እጄ ሳይሆን ፊቴ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ ተቀረጸ። በአሥራ አንዱም አንገቴ በጊዜው ዞረ፣ ጉልበቴም እንደታዘዘው ከዳ፣ ፊቴ ግን ወሬ ሊያወጣ አልቻለም። በሰባተኛው ላይ ሰውየው ትዕግሥቱ አልቆ «ተመትተሃል እኮ! ንገረን እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ይህችን «ንገረን» የምትለዋን ቃል ይዤ ነው እስካሁን የተቀመጥኩት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት አለመንገርን ነው። ተጋጣሚህ አንድ ነገር ከሰነዘረ በኋላ ወዲያው የሚፈልገው የፊትህን ወሬ ነው፤ አፍህ ከተከፈተ፣ ዓይንህ ከራቀ፣ ክንድህ ወደ ጎንህ ከተሰበሰበ የት ቦታ መመለስ እንዳለበት አወቀ ማለት ነው። ጉበት ላይ ያረፈ ቡጢ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይደርስም፤ አንድ ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ በዚያች ትርፍ ጊዜ ውስጥ ሰው መጸለይ ሲገባው እኔ የማደርገው ግን ፊቴን ማስተካከልና ማዕዘን የምቀይር መስዬ ሁለት እርምጃ መራቅ ነው። ይህ ትወና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የስምንቱ ቆጠራ ነው። ተመትተህ ከወደቅህ፣ ቶሎ ብትነሣም እንኳ ዳኛው እስከ ስምንት ሳይቆጥር ግጥሚያው አይቀጥልም። በነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ዳኛው ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሞ ዓይንህን ያያል፣ ጓንትህን ይዞ ጨበጥ ያደርግሃል፣ ወደ እኔ ራመድ ይልሃል። በሙያ ዘመኔ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። በሁለተኛው ስነሣ ስንተኛው ዙር እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ከዳኛው ጀርባ ያለው መብራትም ሁለት ሆኖ ይታየኝ ነበር። ነገር ግን ራሴን ነቀነቅሁ፣ ሁለት እርምጃ ቀጥ ብዬ ተራመድሁ፣ ሳይንቀጠቀጥ በወጣ ድምፅ «ደህና ነኝ» አልሁ። አመነኝ። ያኔ የመብራት ባለሙያ የለም፣ ልድገመው የምለው አዘጋጅም የለም፤ ተመልካቹ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያውም ውሸታም ፊት በማንበብ የታወቀ ሰው፤ በአንድ ቀረጻ አለፍሁ። ለዓመታት ይህን እንደ ጀግንነት ሳወራው ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ሜካፕ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ያታለልኩት ሰው እዚያ የቆመው ሕይወቴን ሊያተርፍልኝ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ደስም አላለኝም።

በሪንግና በካሜራ መካከል የሚመላለስ ሰው ሁሉ ሌኖክስ ሉዊስን ያነሡበታል፤ እኔም ከጋዜጠኞች አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ሉዊስ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሳለ እ.ኤ.አ. በ2001 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ፊልም ላይ ራሱን ሆኖ ታየ፤ በፊልሙ የገጠመው ቭላዲሚር ክሊችኮን ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ብራክፓን ወደምትባለው ከፍታ ያላት ከተማ ዘግይቶ ሄደና ሚያዝያ 22 ቀን 2001 ሃሲም ራህማን በአምስተኛው ዙር በአንድ የቀኝ ቡጢ ጣለው። የሚነገረው ትምህርት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፊልሙ የልምምድ ጊዜውን በላበት፣ አየሩንም ሳይለምደው ገባ ይባላል። እኔም ይህንኑ ስደግም ኖሬአለሁ። አሁን ግን ደግሜ ሳየው ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሉዊስ ከዚያ ቡጢ በፊት ወደ ገመዱ ሲያፈገፍግ ፈገግ ብሎ ነበር። ያ ፈገግታ ለማን ነበር? ለራህማን እንዳንል፣ ራህማን አላመነውም። እኔም በእንደዚያ ያለች ሰዓት ስንት ጊዜ ፈገግ እንዳልሁ አውቃለሁና፣ ልምምድ መቅረቱን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ይከብደኛል። በእርግጥ ሉዊስ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ራህማንን በአራተኛው ዙር ጥሎ ቀበቶውን መልሷል፤ ፊልሙ ለእይታ ሲወጣ እንደገና ሻምፒዮን ነበር፤ ይህን ክፍል ግን ጋዜጠኞቹ አያነሡትም።

ከዚህ ይልቅ ቀልቤን የሚስበው የቦክሰኞቹ የማክስ ቤርና የፕሪሞ ካርኔራ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ሁለቱ በአንድ ፊልም ላይ ባላጋራ ሆነው ተጫወቱ፤ ካርኔራ በወቅቱ የእውነቱም የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ በፊልሙ ግጥሚያቸው በእኩል ውጤት ያበቃል። በዓመቱ ሰኔ 14 ቀን 1934 በእውነተኛው ሪንግ ተገናኙና ቤር ካርኔራን ደጋግሞ እየጣለ በአሥራ አንደኛው ዙር አስቆመው። ቤር የካርኔራን ልማድ ያጠናው በቀረጻው ወቅት ነው ይባላል። እውነት ከሆነ፣ ያ ግዙፍ ሰው ለካሜራው ሲነግር ጎኑ የቆመው ሰው ያዳምጥ ነበር ማለት ነው። ደግነቱ በእኛ ፊልም ባላጋራዬ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ዳንሰኛ ነው፤ ከእኔ የሚማረው ነገር ቢኖር በእረፍት ሰዓት እንዴት ቁጭ ብሎ እንደሚተኛ ብቻ ነው። ቤርም ቢሆን ቀበቶውን ዓመት አልያዘውም፤ በሰኔ 1935 በጂም ብራዶክ በአሥራ አምስት ዙር በነጥብ ተሸነፈ።

አሰልጣኜ እንደዚህ ያለ ፍልስፍና አይወዱም። እሳቸውን የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ርቀት። ባለፈው ሳምንት ፓድ፣ የቡጢ መቀበያውን ትራስ፣ ይዘውልኝ ሦስት ጊዜ የግራ ቡጢ ሰነዘርሁና በሦስተኛው ፓዱን ዝቅ አድርገው ዝም ብለው አዩኝ። «ምነው?» አልኳቸው። «አልደረሰም» አሉ። አንድ ስንዝር አጥሮ ነበር። ሙሉ ሳምንት ዳንሰኛውን ላለመንካት የተጠነቀቀ ክንድ፣ ማንም ሳያዘው እሳቸውንም ላለመንካት ተጠነቀቀ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ልምምዱን የምንጀምረው በመድረስ ነው፤ ልክ እንደ ጀማሪ ግድግዳው አጠገብ አቁመው ክንዴን ያስዘረጉኛል።

ዛሬም እንደተለመደው ከቀረጻ በቀጥታ ሄድኩ። ቀለሙን ሳላስለቅቅ የሄድኩት ቸኩዬ ነው ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት፤ እውነቱን ለመናገር ግን መንገድ ላይ ሰው እንዲያየው ፈልጌ ነው። አዩትም፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም «ይማርህ» አሉኝ፣ እኔም እንደ ቁስለኛ ራሴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንኳቸው። ቀኝ ቅንድቤን ግን በነዚህ ሁሉ ዓመታት መንገድ ላይ አይቶ የጠየቀ ሰው የለም።

አሰልጣኜ ከልምምድ በፊት ፊቴን ቫዝሊን ሲቀቡ የግራው ቅንድብ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ይሄ ደግሞ መቼ መጣ?» ብለው በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ሰሙ ተቀረፈና ቀዩ ቀለም ጣታቸው ላይ ቀረ። ጣታቸውን አዩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ምንም ሳይናገሩ በቲሸርቴ ላይ ጠረጉት።

የልምምድ ተጋጣሚዬ ከሆነው ትንሹ ልጅ ጋር አራት ዙር ሠራን። በቀረጻው ውል ምክንያት ፊት አይመታም፤ አካል ብቻ ነው፤ እሱም ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነው። እኔ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ግራ እጄን ከቅንድቤ ላይ ማውረድ አቃተኝ። አሰልጣኜ ከማዕዘኑ ሆነው «ያንን እጅ ምን ሰቀለው? ፊት የሚመታህ የለም እኮ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እሰማለሁ፣ አወርደዋለሁ፣ ተመልሶ ይወጣል። አሥራ አራት ዓመት የሠለጠነ ሰውነት፣ ግማሹ አሰልጣኜ ጣት ላይ የቀረ የሰም ቁስል እንዳይከፈት ይጠብቃል። በሦስተኛው ዙር ትንሹ ልጅ የተከፈተውን የግራ ጎኔን አየና ከጎድን አጥንቶቼ ሥር ገባበት፤ እስትንፋሴ ለጥቂት ሰከንድ ሄዶ ተመለሰ።

ፊቴ ምንም አላለም። ሁለት እርምጃ ራቅሁ፣ ማዕዘን የምቀይር መሰልሁ፣ ዙሩን ጨረስሁ። «ገባ?» አሉ አሰልጣኜ ውኃ ሲያቀብሉኝ። «አልገባም» አልሁ። አመኑኝ፤ ወይም ያመኑ መሰሉ፤ እሳቸውም ቢሆኑ በዘመናቸው የዋዛ ቦክሰኛ አልነበሩም።

አሁን መስታወት ፊት ቆሜ ሸሚዜን ሰቅዬ ሳየው የመዳፍ ያህል ሰፍቶ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም እየሄደ ነው። ነገ ጠዋት ያለ ሸሚዝ የምቀረጸው ትዕይንት አለ፤ የታሪኩ ሰውዬ ደግሞ ጎኑ ንጹሕ ነው። ያቺ ልጅ ዱቄቷን ይዛ ስትመጣ ምን እላታለሁ? ከማጥፋቷ በፊት «እስቲ በካሜራ እዪልኝ፤ ይሄኛውስ እውነት ይመስላል?» ብዬ ብጠይቃት ምን ትለኝ ይሆን?