በሆለታ ማሳ፦ ለላሚቱ ወይስ ለአፈሩ?

ከአስኮ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቡራዩንና የገፈርሳን ግድብ አልፎ በአምቦ መንገድ ወደ ሆለታ ሲያመራ፣ ጥቅምት ቢገባም ክረምቱ በየተዳፋቱ የቆፈራቸው ቦዮች እንደተከፈቱ ነበሩ። በዚህ አገር ለጤፍ የሚሆን መሬት ተደጋግሞ ታርሶ ስለሚለሰልስ፣ የሐምሌ ዶፍ የሚያገኘው ምንም ያልለበሰ የላላ አፈር ነው፤ ዘሩ በቅሎ መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ ብዙው ለም አፈር በጎርፍ ይሄዳል።

የጎበኘሁት ማሳ ግን ጦም ያድር የነበረ ቀይ አፈር ሲሆን፣ በሰኔ አፈሩን እንዲሸፍኑ አጃና ቬች (የአተር ዘመድ የሆነ ሐረግ መሰል የመኖ ተክል) ተደባልቀው ተዘርተውበት ቬቹ አጃውን ተደግፎ ሐምራዊ አበባ አውጥቷል። ባለማሳው አዛውንት አንዱን ቬች ከነሥሩ ነቅለው፣ ሥሩ ላይ ያሉትን ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ እባጮች አሳዩኝና አንዱን በጥፍራቸው ሰነጠቁት፤ ውስጡ ሮዝ ነበር። ይህ ቀለም በእባጩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ለተክሉ እንደሚያቀርቡ ምልክት ነው። አጃው ይህን ባያደርግም፣ ቀጫጭን ሥሮቹ አፈሩን አቅፈው ይይዛሉ፤ ቬቹ ቶሎ ሲበሰብስ የአጃው አገዳ ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ ሽፋኑ ይቆያል። ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ አፈሩ እርጥብና ፍርክስክስ የሚል ሲሆን፣ ከድንበሩ ወዲያ ያለው እርቃን መሬት ግን ገጹ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ለአፈሩ ሲባል ቬች የሚታጨደው ሲያብብ፣ ፍሬ ሳይቋጥር ሲሆን፣ የታጨደውም እዚያው ማሳው ላይ መቅረት አለበት፤ ሆለታ ደግሞ የወተት አገር ናት፣ ለላምም ቬች የሚጥመው በዚሁ ጊዜ ነው። «ልጄ፣ ላም ስትራብ ትጮኻለች፤ መሬት ዝም ይላል» አሉኝ አባባ። እሳቸው የታችኛውን ሜዳ ለከብቶቻቸው አጭደው፣ ጎርፍ የሚያጠቃውን የላይኛውን ተዳፋት ለአፈሩ ለመተው ወስነዋል። ክፍፍሉ ተገቢ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ናይትሮጅን ያለው በግንዱና በቅጠሉ ስለሆነ፣ ሁሉም ለመኖ ከታጨደ አፈሩን የሚጠቅመው የቀረው ሥርና ከአጨዳ የተረፈው አጭር አገዳ ብቻ ነው። እበቱ ወደ ማሳው ቢመለስ ጉድለቱን በከፊል ይሞላው ነበር፤ ነገር ግን (የማገዶው ውድነት ይታወቃል) አብዛኛው ኩበት ሆኖ ይነዳል።

የተተወው ክፍል በመጪው ሰኔ ስንዴ ይዘራበታል፤ አባባም ማዳበሪያውን በአንድ ጥግ ቀነስ አድርገው ለማነጻጸር አስበዋል። እስከዚያ ድረስ ግን በአካባቢው ልማድ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳ ሁሉ ለከብት ስለሚለቀቅ፣ ሽፋኑ በአንድ ሳምንት ሊጋጥ ይችላል። አጥር ውድ በመሆኑ፣ ከታችኛው ሜዳ ጥቂት መኖ ሰጥተው ከብቶቻቸውን ከተዳፋቱ እንዲያርቁላቸው ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተነጋግረዋል፤ ሁለቱ እሺ ብለዋል።