«ቶፕ ገን»ን እስክሪብቶ ይዤ ሳየው

«ቶፕ ገን»ን ስንቴ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ፊልም ነው። ቶም ክሩዝ ማቨሪክ የተባለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ ሆኖ ይሠራበታል። በዚህኛው ዙር ግን ያየሁት ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ነው። ስህተቶቹን አንድ በአንድ ልለቅም ፈልጌ። ጠልቼው አይደለም። አንድን ነገር በጣም ስንወደው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያጓጓናል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሸፈ። ልብሱንም፣ ንግግሩንም፣ አውሮፕላኑንም በአንዴ ልከታተል ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ደብተሩን ረስቼ ታሪኩ ውስጥ ገባሁ። ሞተሩ ሲያጓራና ሙዚቃው ሲነሳ ፊልሙ ሰውን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ለማየት ወሰንኩ። አንዱን ዙር ድምፁን አጥፍቼ ፀጉርና ልብስ ብቻ አየሁ። ሌላውን ዙር አውሮፕላን ብቻ። በሌላው ደግሞ ከስክሪኑ ዞሬ ንግግሩን ብቻ ሰማሁ። ይህን ሥራ መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ድምፅ ማጥፋቱን በጣም እመክራለሁ። ሙዚቃው ሲጠፋ ዓይን ነጻ ይወጣል፤ አንዱ ቀረጻ ከሌላው ጋር የተሰፋበት ቦታ ይታያል።

የሊፍቱን ትዕይንት ያገኘሁት እንዲህ ነው። የማቨሪክን ፍቅረኛ ሆና የምትሠራው ኬሊ ማክጊሊስ ኮፍያ አድርጋ ሊፍት ውስጥ ትቆማለች። ፀጉሯ ከሌላው ቦታ ይለያል። የቶም ክሩዝም ፀጉር ረዝሟል። «የፀጉር ስህተት» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። በኋላ ምክንያቱን ሳነብ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ትዕይንቱ ዋናው ቀረጻ ካለቀ በኋላ የተጨመረ ነው። ተዋናይቷ በዚያን ጊዜ ለሌላ ፊልም ፀጉሯን ቀለም ተቀብታ ነበር። ኮፍያው ያንን መሸፈኛ ነው። ስህተቱን አውቀው በኮፍያ ሸፍነውታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ «ስህተት» ብዬ ከጻፍኩት ጎን ሁልጊዜ «ለምን?» የሚል ቦታ መተው ጀመርኩ።

በፊልሙ የጠላት ተዋጊ ጀት የሆነው ሚግ-28ም ደብተሬ ላይ ቀድሞ የገባ ነው። እንዲህ የሚባል አውሮፕላን ኖሮ አያውቅም። በብዛት የተመረቱት የሚግ ተዋጊዎች ቁጥራቸው ጎዶሎ ነው፤ 15፣ 17፣ 19፣ 21 እያለ እስከ 31 ይሄዳል። በፊልሙ ውስጥ ሚግ ሆኖ የሚታየው ጥቁር ቀለም የተቀባ የአሜሪካ ኤፍ-5 ነው። ግን የቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ነው። ሶቪየት ሰራሽ ተዋጊ ለሆሊውድ ማን ያውሳል? የጠላት አገሩም ስም በፊልሙ አልተጠራም። የሌለ አገር የሌለ አውሮፕላን ቢያበር አይገርምም። ይህንን «ፈጠራ» በሚል ለይቼ አስቀመጥኩት።

በፊልሙ ውስጥ ቶፕ ገን የተባለው የባሕር ኃይል ተዋጊ አብራሪዎች ትምህርት ቤት ለምርጡ ቡድን የሚሰጠውን ሽልማትም እዚያው ጨመርኩት። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው እውነተኛው ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ዋንጫ የለውም። ዓላማው ተመራቂው ወደ ጦር ክፍሉ ተመልሶ ሌሎችን እንዲያስተምር ነው።

ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ የተገለበጠው በረራ ነው። ማቨሪክ የሚያበረውን ተዋጊ ጀት፣ ኤፍ-14ቱን፣ ገልብጦ ከሚጉ በላይ፣ የኮክፒት መስታወት ለመስታወት ይሆናል። ኋላ የተቀመጠው ጉዝ በፖላሮይድ ካሜራ ፎቶ ያነሳል። በንግግሩ ውስጥ ይህ በ4 ጂ (ጂ የስበት ጫና መለኪያ ነው፤ 1 ጂ የሰው የወትሮ ክብደቱ ነው) ተገልብጦ እየጠለቀ የተደረገ ነው ይባላል። ርቀቱም 2 ሜትር፣ እንደ ጉዝ አባባል ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሜ ማሰብ ነበረብኝ። ሰው ተገልብጦ ቀጥ ብሎ ሲበር ሰውነቱ በቀበቶው ላይ ይንጠለጠላል። ያ 1 ጂ ነው፣ ግን በተቃራኒው። ደም ወደ ጭንቅላት ይወርዳል። አብዛኛው ሰው ከ2 ወይም ከ3 ኔጌቲቭ፣ ማለትም ተቃራኒ፣ ጂ በላይ አይችልም። በ4 ቢሆን የጉዝ ክንድም ካሜራውም አራት እጥፍ ከብደው ወደ መስታወቱ ይሳባሉ። እሱ ግን ተረጋግቶ አነጣጥሮ ያነሳል። ርቀቱም አያስኬድም። የሁለቱም አውሮፕላኖች ጭራ ከመስታወቱ ከፍ ይላል። መስታወቶቹ በአንድ ሜትር ተኩል ከተቀራረቡ ለጭራዎቹ የሚተርፋቸው ክፍተት ከዚያም ያነሰ ነው። ይሄኛው የማያከራክር ስህተት ነው፤ በቀይ አሰመርኩበት።

የክንፎቹ ነገር ግን ትዕግሥት አስተምሮኛል። የኤፍ-14 ክንፍ ይንቀሳቀሳል፤ ከ20 እስከ 68 ዲግሪ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ክንፉ በተዘረጋበትና በታጠፈበት ቀረጻ መካከል ልዩነት ባየሁ ቁጥር «ስህተት» እጽፍ ነበር። ለካ ክንፉን እንደ ፍጥነቱ በራሱ የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር አለ። ታዲያ መጠየቅ ያለብኝ በሁለቱ ቀረጻዎች መካከል ጊዜ አልፏል ወይ የሚለውን ነው። ካለፈ ስህተት የለም። ንግግሩ ሳይቋረጥ ክንፉ ከተለወጠ ግን አለ። ብዙዎቹን መልሼ ሰረዝኳቸው።

ከሁሉ የተሳሳትኩት ጉዝ በሚሞትበት ትዕይንት ላይ ነው። የማቨሪክ አውሮፕላን ከፊቱ በሚበረው ጀት የተናወጠ አየር ውስጥ ይገባል። ሞተሮቹ ይጠፋሉ። አውሮፕላኑ እንደተጋደመ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ሁለቱም በአስወንጫፊ ወንበር ሲወጡ ጉዝ ከተገነጠለው የኮክፒት ክዳን ጋር ይጋጫል። ሦስት ስህተት ብዬ ጻፍኩ። አንደኛ፣ የሌላ ጀት ንፋስ ሞተር አያጠፋም። ሁለተኛ፣ ክዳኑ ወዲያው በንፋስ ይወሰዳል። ሦስተኛ፣ ለምን ጉዝ ብቻ?

ሦስቱም ላይ ተሳስቼ ነበር። የኤፍ-14ኤ ሞተር፣ ቲኤፍ30 የሚባለው፣ የሚገባው አየር ሲዛባ ሥራው በመቋረጥ የታወቀ ነበር። ሞተሮቹ ተራርቀው ስለተቀመጡ አንዱ ሲጠፋ ሌላው አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያዞረዋል። ተጋድሞ ሲሽከረከር ደግሞ ወደፊት አይጓዝም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ክዳኑን ወደ ኋላ የሚወስድ ንፋስ የለም፤ እዚያው ከላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። ኋላ ያለው ወንበርም ከአብራሪው 0.4 ሰከንድ ቀድሞ ነው የሚወጣው። ስህተት ያልኩት ትዕይንት ከፊልሙ ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈው ሆኖ ተገኘ። ያን ገጽ ሳነበው አሁንም ፊቴ ይቀላል።

አንድ ነገር ስታውቁ «ይሄ አይሆንም» ማለት ይቀላል። ስለዚህ አሁን ለእያንዳንዱ ነጥብ መጀመሪያ የማደርገው ፊልሙ ትክክል የሚሆንበትን መንገድ መፈለግ ነው። ካጣሁ ብቻ እመዘግባለሁ።

ስለዚያው ሽክርክሪት ሳነብ ነው አርት ሾልን ያወቅኩት። የአየር ላይ ትርኢት አብራሪ ነበር። መስከረም 16 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.፣ ካሜራ በተገጠመለት ፒትስ አውሮፕላን ለፊልሙ የሽክርክሪት ምስል ሲቀርጽ፣ በራዲዮ ችግር እንደገጠመው ተናገረ። ከዚያ ካሊፎርኒያ አጠገብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቀ። እሱም አውሮፕላኑም አልተገኙም። ፊልሙ ለእርሱ መታሰቢያ ተደርጓል። ስሙ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ስንት ጊዜ ሳላነበው አጥፍቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። አሁን እስኪያልፍ እቀመጣለሁ።