በክርስትና ስሜ

ያጣሁት ንብረት እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም፤ ጸሎቴ ግን ተሰምቷልና ልመሰክር ወደድሁ።

ለብዙ ዓመታት በቡሬ ከተማ ጤፍና በቆሎ እየገዛሁ ወደ አዲስ አበባ የምጭን የእህል ነጋዴ ነበርሁ። ሰው ሁሉ «ባለ አይሱዙው» ይለኝ ነበር፤ እኔም ራሴን የምቆጥረው በዚያው ነበር። መኪናዋ ዓባይ በረሃ ላይ ስትገለበጥ ሾፌሩና ረዳቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ፤ ዕዳውን ለመክፈል ግን መጋዘኑንም ቤቱንም ሸጥሁ። ከማጣቱ ይልቅ የጎዳኝ ኀፍረቱ ነው። ከሰው ላለመገናኘት በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመርሁ፤ የምደግሰው የለኝም ብዬም ከጽዋ ማኅበሬ ቀረሁ።

በዚህ ጭንቀት ሳለሁ ሰከላ ሄጄ ግሽ ዓባይ ጠበል ገባሁ። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ለእስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው፣ ሲመለሱ ምንም ሳይሆኑ እንደተረከቧቸው ይተረካልና፣ እኔም «የእኔንም እንዲሁ መልስልኝ» እያልሁ እለምን ነበር። አንድ ማለዳ ተራዬ ደርሶ ስቀርብ አጥማቂው አባት መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው «የክርስትና ስምህ ማን ነው ልጄ?» አሉኝ። «ወልደ ሚካኤል» አልሁ፤ ከአፌ ከወጣ ስንት ዘመኑ! ከፊቴ የነበረው ባዶ እግሩን የመጣ እረኛም፣ ከኋላዬ የቆሙት ወርቅ ያደረጉ እመቤትም የተጠየቁት ይህንኑ ብቻ ነበር። ስሙ የወጣልኝ በ40 ቀኔ፣ እናቴ አቅፋ ለክርስትና በወሰደችኝ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ቁና እህል እንኳ የእኔ የምለው አልነበረኝም፤ እግዚአብሔር ግን ልጁ አድርጎ ተቀብሎኛል። ያ ቀዝቃዛ ጠበል ትከሻዬ ላይ ሲወርድ ስለ መኪናዋ መለመኑ ጠፋብኝ፤ አለቀስሁ፤ ኀፍረቱም ከላዬ ተገፈፈ።

አሁን የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ በሰው መጋዘን ጤፍ እየመዘንሁ በወር ደመወዝ አድራለሁ። የቀድሞ የንግድ ባልደረቦቼ ሊጭኑ ሲመጡ ቀና ብዬ ጤንነታቸውን እጠይቃለሁ፤ ይህ ምን ያህል ነገር እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ወደ ማኅበሬም ተመልሻለሁ። ተራዬ ሲደርስ ባለቤቴ የጋገረችውን ድፎ ዳቦና አንድ እንስራ ጠላ ብቻ አቀረብን፤ ቄሱ ባርከው ቆረሱት፤ ጽዋውንም በደስታ ለቀጣዩ ተረኛ አስረከብሁ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን፤ አሜን።