ዳንቴሉ የት ገባ?

ነሐሴ ነው። ደብረ ማርቆስን በነሐሴ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጭጋጉ በር አንኳኩቶ ገብቶ ቡና አፍሉልኝ ሊል ምንም አይቀረው። አልከፋኝም፣ ደስም አላለኝም። እንዲያው ድብር ብሎኛል። እንዲህ ሲያደርገኝ ቤቱን ማየት እጀምራለሁ። ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ መጋረጃውን። ሰውዬው፣ ባለቤቴ፣ አመሌን ስለሚያውቅ "ዛሬ ደግሞ የቱን ዕቃ ልታዞሪ ነው?" ብሎኝ ወጣ።

በዚህ መሀል የእህቴ ልጅ፣ ያቺ የባሕር ዳሯ፣ ፎቶ ታዘንብብኝ ጀመር። ለጥር ሰርጓ ቤት እያሰናዱ ነው። ሁሉም የሳሎን ፎቶ ነው። ሦስት ደረጃ ጂፕሰም፣ በየደረጃው ሥር ሰማያዊ መብራት። ግራጫ ግድግዳ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እብነ በረድ የሚመስል ልጥፍ። "እትዬ፣ ቶሎ የማይሰለች የቱ ነው? ጂፕሰም ሠሪው ቀብድ አምጡ እያለ ነው" አለችኝ።

ልመልስላት ስል ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ። ለመሆኑ ዳንቴሉ የት ገባ?

እኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም። ሬዲዮው፣ የሶፋው ራስ፣ የሶፋው ክንድ፣ ኩርሲው፣ ቴርሞሱ ሳይቀር። የሁሉ አለቃ ግን የቴሌቪዥኑ ነበር። እናቴ ኪሮሿን ይዛ ክረምቱን ሙሉ ትሠራዋለች። ሲያልቅ ስኳር በውኃ በጥብጣ ትነክረውና ጠርዙን በጣሳ እየደገፈች ታደርቀዋለች። ደርቆ ሲነሣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መሀሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጥበታል። ከዚያ በኋላ እጁን የሚሰድ የለም። ስኳሩን የሸተተው ቁጫጭ ግን በዜና ሰዓት በዜና አንባቢው አናት ላይ ተሰልፎ ያልፍ ነበር።

ያ ነገር መቼም የሚያልፍ አይመስለኝም ነበር። ደግሞስ ማን ተነሥቶ "ዳንቴል ፋሽኑ አልፎበታል" አለ? ማንም አላለም። ቴሌቪዥኑ ቀጠነ፣ አለቀ። የዛሬው ቴሌቪዥን አናት የለውም። አናት ከሌለው ምኑ ላይ ይነጠፋል? ዳንቴልን ሰው ሰልችቶት የጣለው አይደለም፤ መቀመጫ አጥቶ ነው የጠፋው። የእናቴ ዳንቴሎች አሁንም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፈው አሉ፤ ወይ አይጣሉ፣ ወይ አይነጠፉ።

ቡፌውም ያው ነው። ቡፌ ምን ይሠራ ነበር? ወርቃማ ጠርዝ ያለው ብርጭቆ ያስጎበኛል። በዚያ ብርጭቆ ውኃ የጠጣ ሰው አላውቅም። እኛ ልጆቹማ መስተዋቱን ከከፈትን ኩርኩም አይቀርልንም። እንዲህ ሥራ ፈትቶ ስንት ዓመት ቆመ! ስለዚህ "ሥራ ያለው ዕቃ ይዘልቃል፣ ሥራ የሌለው ያልፋል" የሚለው የሰዎች ምክር አልተዋጠልኝም። ቡፌው ምስክር ነው።

ስገላበጥ የመጣልኝ ሌላ መለኪያ ነው። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

ብቸና፣ አያቴ ቤት፣ የጠፍር አልጋ ነበር። ከእናቴ በዕድሜ የሚበልጥ ነው ይሉታል። እንጨቱ ያው የድሮው ነው። ጠፍሩ ግን ስንቴ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ሲበጠስ ጥሬ ቆዳ በቀጭኑ ይተለተልና ውኃ ውስጥ ይነከራል። እንደረጠበ ይጠላለፋል። ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰብና ይወጠራል። ይህን ለማድረግ ከሩቅ ባለሙያ አይጠራም፤ አጎቴ እያወራ ይሠራው ነበር። በነጋታው ሕፃናት ዘለውበት ይፈትሹታል።

የፈረንጁም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቶኔት የተባለ አናጢ በ1859 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ያወጣት ወንበር አለች፣ ቁጥር 14 ይሏታል። እንጨቱን በእንፋሎት አጉብጦ ስድስት ቁራጭ በዐሥር ብሎንና በሁለት ዳዶ አያያዘው፣ በቃ። መቀመጫዋ ተጠልፎ የተሠራ ነው፤ ሲቀደድ እንደ ጠፍሩ እንደገና ይጠለፋል። ዛሬም ትመረታለች። ስንት ዓይነት ወንበር መጥቶ አለፈ፣ እሷ አለች። በዳዶ የታሰረ በዳዶ ይፈታል። በሙጫ የተጣበቀ ግን ከለቀቀ ለቀቀ ነው።

በዚህ ዓይን የልጅቷን ፎቶ መለስ ብዬ አየሁት። ጂፕሰሙ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን የኛን ሰማይ ያየ ሰው ይህን ነገር እንዴት ያምናል? በረዶ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣ ሚስማሩ ይላላል፣ አንዲት ጠብታ ትገባለች። ጂፕሰም ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ከዚያ መሀል ጣሪያ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ነገር ይወጣል። ቀለም ብትቀባው እየቆየ ዳግም ብቅ ይላል። ድሮ የአቡጀዲ ኮርኒስ ነበር። አይጥ ስትሮጥበት ኮቴዋ ከሥር ይታያል፤ እኛም ተጋድመን ወዴት እንደምትሄድ እንወራረዳለን። ሲቆሽሽ ግን ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይወጠራል። አይጥ ናፈቀኝ ማለቴ አይደለም።

ሰማያዊ መብራቱስ? እነዚያ እንደ ጥብጣብ የሚለጠፉት አብዛኞቹ አምፑሎቻቸው ሦስት ሦስት ሆነው የተያያዙ ናቸው። አንዷ ስትቃጠል ሁለቱን ይዛ ትጠፋለች። የጎረቤታችንን ሳሎን ያየ ያውቀዋል። መጀመሪያ የሰርግ ቤት ነበር፤ አሁን ጥርሱ የረገፈ አፍ ሆኗል። ማን ወጥቶ ይቀይረው?

ልጥፉንም ልሰድበው ነበር፣ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄዳችሁ አስተውላችሁ እንደሆነ፣ የመቅደሱ ሥዕል ጭቃው ላይ የተሳለ አይደለም። ጨርቅ ላይ ተስሎ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ሰው ከዓለም ዳር እየመጣ ያየዋል። እኛም ብንሆን በጋዜጣ የተለጠፈ ግድግዳ እያነበብን ያደግን ነን፤ እንዲያውም አንዱ ወሬ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ አንገታችንን ጠምዝዘን ነበር የምናነበው። ስለዚህ ልጥፍ ስለሆነ ብቻ አልንቀውም። የዘንድሮው ልጥፍ ጣጣው ሌላ ነው። አንዱ ጥግ ሲላጥ ያንኑ ዓይነት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ትዞሪያለሽ። አምና የመጣው ዘንድሮ አይመጣም።

ግራጫውን በተመለከተ አንድ የማያበቃ ሙግት አለኝ። ፓንቶን የሚባል የአሜሪካ የቀለም ድርጅት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "የዓመቱ ቀለም" እያለ ያውጃል። ለ2021 ግራጫንና ቢጫን አንድ ላይ መረጠ። ለ2025 ደግሞ ሞካ ሙስ ያለውን ቡናማ ቀለም አወጀ። እኛ ግራጫውን ተቀብተን ሳንጨርስ እነሱ ወደ ቡናማ ዞሩ። ያን ቡናማ በስልኬ ከፍቼ አየሁት። የአያቴ ግድግዳ ነው! ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ተረግጦ፣ ቀናት ከርሞ፣ በእጅ የተመረገው። አያቴ ያለ ማንም አዋጅ ዕድሜዋን ሙሉ ስትመርገው ኖረች። በየዓመቱ በዓል ሲቃረብ ስንጥቁን ትደፍናለች፤ ሲደርቅ የእጇ ጣቶች መሥመር ይቀራል። ልጅ ሆኜ በዚያ መሥመር ላይ ጣቶቼን እያስኬድኩ እተኛ ነበር።

እንዲህ እያልኩ በራሴ መለኪያ ስደሰት ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ ሰፌድ አየሁ። ከትልቅ እስከ ትንሽ ግድግዳው ላይ ተደርድሯል። ጥጉ ላይ ደግሞ ያጌጠ ሞሰብ ቆሟል። እሰይ፣ ይኼስ የማያልፍ ነው ልላት ነበር። ስፌት እኮ ነው! ክረምቱ ሲወጣ አክርማና ስንደዶ ተለቅሞ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በወስፌ የተሰፋ። መለስ ብዬ ሳስበው ግን ያ ሰፌድ እህል አንጓሎ አያውቅም። ሞሰቡም እንጀራ አላየም፣ አያይምም። ባሕር ዳር አንድ ቤት አገልግሉን ገልብጠው የመብራት ቆብ አድርገውት አይቻለሁ። ካየሁትም በኋላ ሌሎች ቤቶች ተከትለዋል። ታዲያ ይኼ "ባህላዊ" የሚሉት ጌጥ ከሰማያዊው መብራት በምን ይለያል? ሰርገኛው ሁሉ ሲሰቅለው አይሰለችም? ሲሰለች ደግሞ ሞሰቡንም ይዞት ቢሄድስ?

እኔ ቤት እንጀራው ያለው የት ነው? ጓዳ፣ ቀይ የፕላስቲክ ሞሰብ ውስጥ። ክዳኑ ፀሐይ አግኝቶት ነጣ ብሏል። ጠርዙ የተሰነጠቀ ጊዜ ሰውዬው ሚስማር አግሎ ዳርና ዳሩን በሳውና በሽቦ ሰፋው። ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ግን ይዟል። በየቀኑ ይከፈታል፣ በየቀኑ ይዘጋል። እናቴ ከብቸና የላከችልኝ የስፌት ሞሰብ ደግሞ ሳሎን ቆሞ አቧራ ይጠጣል። በራሴ ሕግ ከሄድን እንግዲህ በሽቦ የተሰፋው ቀይ ፕላስቲክ ነው የአያቴን አልጋ ወግ የያዘው። የእናቴ ስፌት ጌጥ ሆኗል። ይህን እናቴ ፊት የሚናገር ደፋር ካለ ይንገረኝ።

ደግሞስ እኔ ማን ነኝና ሕግ አወጣለሁ? እንግዳ መጣ በተባለ ቁጥር ያንን ቀይ ሞሰብ ተሽቀዳድሜ ከበር ኋላ የምደብቀው እኔው ነኝ። በመለኪያዬ የጸደቀ ዕቃ እንዴት ይታፈርበታል?