ጉጉቷ «የት?» ስትል

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

እዚህ እንግሊዝ አገር የኛ በዓል ሲደርስ የእነሱ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ጎረቤቶቼ የገና ዛፋቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ጥለውታል። እኔ ደግሞ ገና የዶሮውን ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ዐይኔ እያነባም ቢሆን ስለ አንድ ሰዓሊ ላውጋችሁ።

ሮጀር ዋግነር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1957 የተወለደ፣ ኦክስፎርድ የሚኖር ሰዓሊና ገጣሚ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ስለ እምነት የሚሳሉ የዘመኑ ሥዕሎች ብዙም አይጥሙኝም። ወይ ስኳር ይበዛባቸዋል፣ ወይ ስብከት። የዚህ ሰው ግን ያዘኝ።

አንዱ ሥዕሉ የስንዴ ማሳ ነው። ርዕሱን የወሰደው ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ነው፦ «መከሩም የዓለም መጨረሻ ነው፥ አጫጆችም መላእክት ናቸው።» እንዲህ ያለ ቃል ስሰማ እኔ እሳትና ነጎድጓድ ነበር የሚታየኝ። እሱ የሳለው ወርቅ የመሰለ የእንግሊዝ ገጠር ነው። ባለ ክንፎቹ አጫጆች ሥራቸው ላይ ናቸው። ሳያቸው አያቴ አገር ደቦ የወጡ ሰዎች መሰሉኝ። ጠላው ብቻ ነው የቀረው።

ሌላው «መኖራ» ይባላል፤ የአይሁድ መቅረዝ ማለት ነው፤ በ1993 የሳለው። ከኦክስፎርድ ወደ ለንደን በባቡር ስትሄዱ ዲድኮት ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። ስድስት ወፋፍራም ማማዎችና መሐላቸው አንድ ረጅም ጭስ ማውጫ። እኔ በዚያ ሳልፍ ያየሁት ጭስ ብቻ ነው። ዋግነር ግን ቆጠራቸው፤ ሰባት ናቸው። ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ! ከፊታቸው ስቅለቱን ሳለ። ማማዎቹን ግማሹን በ2014፣ የቀሩትን በ2019 በፈንጂ አፈረሷቸው። ዛሬ ባቡሩ በዚያ ሲያልፍ አንገቴን አዙሬ እፈልጋቸዋለሁ።

ወደ ገና ልመለስ። ኦክስፎርድ ዳር፣ ቴምዝ ወንዝ አጠገብ፣ ኢፍሊ የምትባል መንደር አለች። ቤተ ክርስቲያኗ ከ800 ዓመት በላይ ሆኗታል። ዋግነር በ2012 ባለ ቀለም የመስታወት መስኮት ሠርቶላታል፤ ክርስቶስ የተሰቀለበት ዛፍ አብቦ ይታያል። ከትይዩው ደግሞ የሟቹ ሰዓሊ የጆን ፓይፐር መስኮት አለ። እሱ የልደት ነው፤ ግን ሰው የለበትም። እንስሳት ናቸው፣ በላቲን የሚያወሩ።

ዶሮው «ክርስቶስ ተወለደ!» ብሎ ይጮኻል። ዝይዋ «ኳንዶ? ኳንዶ?» ትላለች፤ መቼ? መቼ? ማለቷ ነው። ቁራው «በዚች ሌሊት» ይላታል። ጉጉቷ «ኡቢ? ኡቢ?»፤ የት? የት? በጉ «ቤተልሔም! ቤተልሔም!» ጮክ ብላችሁ በሉትማ። የበግ ድምፅ አይመስልም?

አህያና ላም በትንፋሻቸው አሞቁት እየተባልን ላደግን ለኛ፣ እንስሳት ዜናውን ቀድመው መስማታቸው ብዙም አያስገርመን። እኔን የነካችኝ ጉጉቷ ናት። አገራችን ላይ ጉጉት ስትጮህ ማን ደስ ይለዋል? እዚያ መስኮት ላይ ግን «የት?» ብላ የጠየቀች እሷ ናት። በጉም መለሰላት።

በሉ፣ ልጆቹን ሰብስቡና አንዱን ዶሮ፣ አንዱን ዝይ አድርጋችሁ ሞክሩት። የኔዎቹ በግ ለመሆን እየተጣሉ ነው። መልካም ገና! ሽንኩርቱ ሊያርብኝ ነው።