በዳጋ እስጢፋኖስ ደጅ ጠንተን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ለቤታችን ያደረገውን ልመስክር ብዬ ስነሳ ወንድሜ አንድ ነገር ለመነኝ። “ስሜን እንዳታነሺ፤ የበረሃውንም ነገር ብዙ አታውሪው” አለኝ። እሺ ብዬዋለሁ። ስለዚህ በረሃውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የምመሰክረው ስለ እማዬ፣ ስለ ጣናና ስለ ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው።

ያደግነው ደብረ ታቦር ነው። ወንድሜ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። በ2009 ዓ.ም. ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ሆኖ በመተማ በኩል ወጣ። ሲሰናበተን “ጎንደር ሥራ አግኝቻለሁ” ነበር ያለን። እውነቱን ያወቅነው ከካርቱም ሲደውል ነው። “ወደ ሊቢያ ልንነሳ ነው” አለ። ያን ቀን እማዬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በሚያዝያ 2007 ወገኖቻችን ሊቢያ ውስጥ በክርስትናቸው ምክንያት ሲታረዱ፣ የማታውቃቸውን ልጆች የራሷ አድርጋ ነጠላ ዘቅዝቃ ነበር ያለቀሰችው። ከዚያ ወዲህ የሊቢያ ስም ቤታችን ውስጥ አይጠራም ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ልጁ ድንበር ይሻገራል። ደላላው ለሌላ ደላላ ያስረክበዋል። መጋዘን ውስጥ ይዘጋበታል። ከዚያ ስልክ ይመጣል፤ ቁጥሩ በ218 ይጀምራል። ልጃችሁ ሲገረፍ ያሰሟችኋል፣ ብሩ በሃዋላ ይግባ ይሏችኋል። እኛም አስገባን። በሬዎቹ ተሸጡ። ዘመድ አዋጣ። እኔ ዕቁቤን ለምኜ ቀድሜ ወሰድኩ። ገንዘቡ ከገባ ይለቁታል ብለን ስንጠብቅ ለሌላ ሰው ሸጡት። ድምፁም በዚያው ጠፋ።

ወንድሜን የላከው ደላላ የሰፈራችን ሰው ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ እናየዋለን። ነጭ ለብሶ። እማዬ እሱን ስታይ ፊቷን ወደ ግንብ ታዞራለች። እኔ አላዞርም ነበር፤ ትኩር ብዬ አየዋለሁ።

ኅዳር 2010 ላይ ሊቢያ ውስጥ ሰው በጨረታ ሲሸጥ የሚያሳየው ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። እማዬ እንዳታየው ስልኬን ደበቅሁ። አንዱ አጉል ሰው ሌላ ቤት አሳያት። ከዚያ በኋላ እህል አልወርድላት አለ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር “ጾም ነው” እያለች ትሸነግለናለች። ማታ ማታ ግን ውሃ እንኳ አትቀምስም።

ጣና ላይ ያለውን የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም ያነሱልን የንስሐ አባታችን ናቸው። “ጥር 1 የእስጢፋኖስ በዓል ነው። ደሴቱ ድረስ ሄዳችሁ ደጅ ጥኑ” አሉ። እማዬ እዚያው ቆማ ተሳለች። “ድምፁን ብቻ አሰማኝ፣ ጥላ አስገባልሃለሁ” አለች። ይምጣልኝ እንኳ አላለችም። ድምፁን ብቻ።

በልደት ማግስት ተነስተን ባሕር ዳር አደርን። አጎቴም አብሮን ነበር። ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር ተዋጥተን ጀልባ ያዝን። ጣና ጠዋት ላይ ገር ነው፤ ነፋሱ የሚነሳበት ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ጀልባ ነጂው ገና ጎህ ሲቀድ ነው ያስነሳን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ክብራን ገብርኤልንና እንጦስን አለፍን፣ ዘጌን በግራ ተውነው። በደንገል ታንኳ እንጨት የጫኑ ሰዎች ሲቀዝፉ አየን፤ የእኛ ሞተር በሚያስነሳው ማዕበል ታንኳቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ እነሱ ግን ዞር ብለውም አላዩን። እማዬ ከዚያ በፊት ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ጧፉን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በነጠላዋ፣ ነጠላዋን በጋቢዋ ሸፍና ደረቷ ላይ ይዛዋለች። አጎቴ “ልያዝልሽ” ቢላት አልሰጥም አለች። ውሃ ቢነካውስ ብላ ነው።

ሦስት ሰዓት ገደማ ተጉዘን ደረስን። ደቅ ሰፊና ሜዳማ ደሴት ነው። ዳጋ ደግሞ ከጎኑ ነው፤ ብቻውን ከውሃው ቀጥ ብሎ የወጣ፣ በዛፍ የተሸፈነ ኮረብታ። ገዳሙ አናቱ ላይ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኂሩተ አምላክ እንደመሠረቱት ይነገራል። የወንዶች ገዳም ነው። ሴት ከወደቡ አታልፍም።

አልዋሻችሁም፣ እኔን ከፍቶኝ ነበር። ቀድሜም አውቀዋለሁ፤ ግን ማወቅና እግርህ እዚያ ሲቆም ሌላ ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥተን፣ ከላይ ከበሮው እየተሰማን፣ እኛ ድንጋይ ላይ ልንቀመጥ! “የወለደችው እሷ፣ የሚወጣው አጎቴ” ብዬ አጉረመረምኩ። እማዬ ሰማችኝ። “ደጅ ልጠና ነው እኮ የመጣሁት ልጄ። ደጅ የሚጠና ሰው እልፍኝ ውስጥ ምን ይሠራል?” አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ጧፉን ለአጎቴ የሰጠችው።

አጎቴ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። የነገሥታቱን ዐፅም አይቷል። የአፄ ይኩኖ አምላክን፣ የአፄ ዳዊትን፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብን፣ የአፄ ዘድንግልን፣ የአፄ ፋሲልን። “በመስታወት ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ የፋሲል እኮ ፊቱ ሁሉ ይለያል” እያለ ሲተርክ እማዬ አቋረጠችው። “ነገሥታቱን ተዋቸውና፣ ጧፉን ማን ተቀበለህ?” አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክረምትና በጋ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ጧፉን የተቀበሉት አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከአጎቴ ጋር ወርደው ነበር። መስቀል አሳለሙን። ከዚያ እማዬን “ምን ልትለምኚ መጣሽ ልጄ?” አሏት። ነገረቻቸው። ስለ በረሃው፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ደላላው። ዝም ብለው ሰሟት። ስትጨርስ፣ “እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወግሩት ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?” አሉ። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህን ግን ታውቃለች። “ጌታ ሆይ፥ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው” አለች።

“እንግዲያ ለሰውየውም እንዲሁ በይለት።”

እማዬ ብዙ ዝም አለች። በመጨረሻ “አልችልም አባቴ” አለች።

“የማትችይውን ነው እኮ መለመን። እንድትችይ ለምኚው” ብለው ባረኩንና ተመለሱ።

እኔ በልቤ ተቃጠልኩ። ልጇን ላጣች እናት እንዲህ ይባላል? አልኩ። እማዬ ግን ጀልባው ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር።

ከዳጋ ወደ ደቅ ተሻግረን ናርጋ ሥላሴን ተሳለምን። ናርጋ ሴት ትገባለች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። ክብ ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ። እማዬን ያስቆማት አንድ ሥዕል ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ከእግሯ ሥር ምንትዋብ በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ያን ሁሉ አገር የገዙ ሴት፣ መሬት ላይ። “እሳቸውም ልጅ ቀብረዋል” አልኳት። እውነት ነው፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1755 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው በሕይወት ሳሉ የሞተባቸው። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስም በኋላ ተገድሎባቸዋል። እማዬ መልስ አልሰጠችኝም። እዚያው ሥዕሉ ፊት እሷም ተደፋች።

ከጎኗ ነበርኩና ሰማኋት። መጀመሪያ የወንድሜን የክርስትና ስም ጠራች። የጎረቤታችንን ልጅ ጠራች። ቀጥላ የደላላውን ስም ጠራች። ልትረግመው መስሎኝ ልቤ ድው አለ። “አትቁጠርበት” አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደገመችው። “አትቁጠርበት፤ ለልጆቹ ስትል።”

እኔ አብሬያት አሜን አላልኩም። አልወጣልኝም።

ስንመለስ ነፋሱ ተነስቶ ጣና ተቆጣ። ውሃው ጀልባው ውስጥ እየገባ ልብሳችን ራሰ፣ ሰዉ “እግዚኦ” ይላል። እማዬ እንቅልፍ ወስዷት ነበር! ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ስትተኛ ያየኋት ያኔ ነው፤ እኔ ባሕር ዳር እስክንደርስ ራሷን ደግፌ ያዝኩ። ማታ ሹሮ በላች። ትልቅ ነገር ነው፤ እሱንም ከምስክርነቱ ቁጠሩልኝ።

ሁዳዴ እንደያዘ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ምስር ትለቅማለች። ስልኩ ጠራ። በ218 የሚጀምር ቁጥር ነው። እጃችን ሁሉ ደረቀ። ያንን ቁጥር ስናይ የሚመጣልን ጩኸትና የገንዘብ ጥያቄ ነው። እኔ ላንሳ ስል እማዬ ቀደመችኝ። ሰፌዱ ተደፋ።

“እማ” አለ። “እማ፣ እኔ ነኝ። አትፍሪ፣ ብር አትጠየቂም።”

ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም። ወንድሜ በኋላ እንደነገረን፣ የነበሩበት መጋዘን ባኒ ዋሊድ ነው። አንድ ሌሊት ውጭ ተኩስ ተነሳ፤ ጠባቂዎቹ በሩን ጥለው ሸሹ። እነሱም ወጡ። ከሚሮጡት ያልተረፉም ነበሩ። እሱ ተርፎ ትሪፖሊ ደረሰ፣ ፖሊስ ያዘውና የስደተኞች ማቆያ አስገባው። ስልኩን ያዋሰው አንድ የሱዳን ልጅ ነው። ወደ አገራቸው መመለስ የሚፈልጉትን ሲመዘግቡ ተመዘገበ። ክረምቱ ጠንከር ሳይል ቦሌ ወረደ።

ይህን ስናገር ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። “በሩ የተከፈተው እማዬ በጸለየችበት ሌሊት ነው?” ይሉኛል። አላውቅም። ወንድሜም አያውቅም፤ መጋዘን ውስጥ ቀን አይቆጠርም። ለማሳመር ብዬ “በዚያችው ሌሊት ነው” አልልም። የማውቀው እማዬ ድምፁን አሰማኝ ብላ እንደለመነች፣ እንደሰማችም ነው። ያልለመነችውን መምጣቱንም ጨምሮ ሰጣት።

የተደወለ ቀን እማዬ እልል አላለችም። አፏን በነጠላዋ አፈነችው። ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን የዚያ የሌላው ልጅ እናት ናት። ሁለቱን ገና ድንበር ላይ ነው የለያዩአቸው፤ ወንድሜ ከዚያ በኋላ አላየውም። ግን ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሁሉ ይሰማል። ጎረቤታችን ነጠላዋን ሳታደርግ ሮጣ መጣች። እልልታውን ያቀለጠችው እሷ ናት።

በቀጣዩ ጥር ጥላውን ይዘን ሄድን። ተሸክሞት ዳጋ የወጣው ወንድሜ ራሱ ነው። ታች ድንጋዩ ላይ ሦስት ሴቶች ተቀምጠን ጠበቅነው፤ እኔ፣ እማዬና ጎረቤታችን። እነዚያን ሽማግሌ መነኩሴ ጠይቆ ነበር፤ አላገኛቸውም። ደላላውን በተመለከተ፣ ሰውየው አሁንም ሰፈር ውስጥ አለ። እማዬ ፊቷን አታዞርም። እኔ ደግሞ ትኩር ብሎ ማየቱን ትቻለሁ፤ እስካሁን የቻልኩት ይህን ያህል ነው። ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ሌሊት መብራት ካልበራ አይተኛም፤ ቆጣሪው ይቁጠር ብለን ትተንለታል።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ሲከፋ በየዓመቱ መሄድ አልቻልንም። ወር በገባ በ17፣ በእስጢፋኖስ ወርኃዊ መታሰቢያ ግን እማዬና ጎረቤታችን አብረው ጠበል ጻድቅ ያደርጋሉ። የልጁ ድምፅ እስካሁን አልተሰማም። የተደረገልንን መሰከርኩ፤ የሷን ልጅ ደግሞ እናንተ በጸሎታችሁ አስቡልን።